የአውቶቡሱ ቴሌቪዥንና የቀኝ መስኮቷ ሴትዮ

ጋሽ ቀስታ አውቶቡሱን ገደል አፋፍ ላይ ያንጠለጠለው ኳስ ሲያይ ነው ይባላል። መናኸሪያው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ትኬት ቆራጩ ከነውጤቱ ይነግራችኋል፤ ሁለት ለባዶ። ፀጉር አስተካካዩ ሪሞቱ በየትኛው እጁ እንደነበረ በመቀስ እያመለከተ ያስረዳል። ጎማ ጠጋኙ ግን ሁሉንም በልጧቸዋል፤ ጎል ሲገባ ጋሽ ቀስታ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አጨበጨበ ይላል። ሦስቱም ያን ቀን ከተማ ውስጥ ነበሩ። ገደሉ ደግሞ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ያን ቀን ኳስ አልነበረም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚታየው ተከታታይ ድራማ ነው። ስክሪኑም የተሰቀለው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪ አዙሮ ነው። ጋሽ ቀስታ በአራት ወር ውስጥ አንዲት ምስል አላየም። የድራማዋን ባለታሪክ የሚያውቃት በለቅሶዋ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ቢያገኛት ካላለቀሰች አይለያትም። በአንድ ነገር ግን ወሬው እውነት አለው። ጋሽ ቀስታ መንገዱን የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነበር። ሌላው ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም፤ የትም አልነበረም።

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት የነዳው አንድ መንገድ ነው። ጠዋት ከታችኛው ከተማ ወደ ተራራው ከተማ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። «ቀስታ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው። «በሱ መኪና ጢሙን ተላጭቶ የተሳፈረ ጢም አብቅሎ ይወርዳል» ይሉታል። ሚስቱም አትምረውም፤ ለሠርጋቸው እንኳ የደረሰው እንግዳው ሊበተን ሲል ነው ብላ ለሰው ታወራለች። እሱ ይስቃል። በሃያ ስድስት ዓመት ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጨም።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው የፊት መስታወቱ በቀኝ በኩል ጉም የለበሰበት። መጀመሪያ መኪና አጣቢውን ተቆጣ። በማግስቱ በጋዜጣ ራሱ ወለወለው። የዝናብ መጥረጊያውን ቀየረ። በሳምንቱ መኪናውን አቁሞ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ ጉሙም አብሮት ወረደ። መንገድ መሐል ቆሞ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤ ዓለም ወተት ሆነችበት።

ለማንም አልተናገረም። ሐኪም ቤት ዓይን ውስጥ መርፌ እንደሚከቱ ከአንድ ሰው ሰምቷል፣ ያ አስፈራው። ከመርፌው የባሰ ያስፈራው ደግሞ መንጃ ፈቃዱን መነጠቁ ነው፤ መሪ ያልያዙ እጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው አያውቅም። ፈቃዱን ሊያሳድስ ለዓይን ምርመራ በተሰለፈ ጊዜ ከፊቱ የነበረው ሰው ፊደሎቹን ጮክ ብሎ ሲያነብ አንድ በአንድ በቃሉ ያዛቸው። ተራው ደርሶ «ግራውን ሸፍን» ሲባል ሸፍኖ ከላይ እስከ ታች አወረደው። «ገና ሳልጠቁምልህ ጨረስክ እኮ» አለው መርማሪው፤ ማኅተሙንም ረገጠበት። ጋሽ ቀስታ ከክፍሉ ሲወጣ የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻው ገጨው።

አሁን የቀረው መንገዱ ነው። ሲወጣ ችግር የለም፣ በቀኙ ያለው ተራራ ነው፤ ተራራ ቢነካህ ቀለም ይልጣል እንጂ አይውጥህም። ሲወርድ ግን በቀኙ ገደል ነው። የገደሉን አፋፍ ጠጠርና ሣር እንጂ ግንብ አይጠብቀውም። የመንገዱን ጠርዝ የት እንደሆነ ካላየኸው የምታውቀው ከወደቅክ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ነው እትዬ ሽንኩርት የምትመጣው። ይህች ሴት ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ አውቶቡስ እየተመላለሰች ሽንኩርት የምትነግድ ናት። «ቲማቲምም እሸጣለሁ እኮ፣ ለምን ሽንኩርት ብቻ ትሉኛላችሁ» ትላለች፣ የሚሰማት የለም። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቀኝ መስኮት ሥር ነው። ገደል ትፈራለች። ብትፈራም ዓይኗን አትነቅልም፤ እንደ ታመመ ጥርስ ትነካካዋለች። ጎማው ወደ ጠርዙ ሲጠጋ «ውይ» ትላለች። ሲብስ «ውይ ውይ»። ሦስት ከሆነ ደግሞ ቅርጫቷን ታቅፋለች።

ጋሽ ቀስታ ጆሮውን አቀናና ልክ አወጣለት። አንድ ውይ ማለት ጎማው ከጠርዙ ሁለት ክንድ ያህል ነው። ሁለት ውይ፣ አንድ ክንድ። ሦስት ውይ ከሰማ መሪውን ወደ ግራ ይመልሳል። በዚህ ሁኔታ ሃያ አራት ሰው ጭኖ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ወረደ። ተሳፋሪው በረጋ አነዳዱ ይመርቀዋል።

ወንበሯን ለሌላ ሰው አያስነካም። ሰው ተቀምጦበት ካገኘ «ተይዟል ወንድሜ» ብሎ ያስነሳል። ከገበያ ስትዘገይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል። ይህን ያየ መናኸሪያ ዝም አይልም፤ ወሬው ሚስቱ ጆሮ ገባ።

«ሴትዮዋን ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠበቅካት አሉ» አለችው።

«ደንበኛ ናት።»

«እኔም ደንበኛህ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመቴ። እኔን የጠበቅክበትን ቀን ንገረኝ እስቲ።»

የሌላ ሴት ወዳጅ መባል ዓይነ ስውር ከመባል ይሻላል ብሎ አንገቱን ደፋ።

ከአራት ወር በፊት አማቹ ቴሌቪዥኑን አመጣ። አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡሱም ባለቤት ነው፤ አዲስ ነገር ካየ ሳይገዛ የማያድር። ጣሪያው ላይ እንደ ተደፋ ሳህን ያለ ክብ ነገር ተበየደ፣ ሽቦ ወደ ውስጥ ወረደ፣ ስክሪን ተሰቀለ። «መኪናው እየሄደ ከሰማይ ይቀበላል» እያለ ላገኘው ሁሉ አስጎበኘ። እውነትም ይቀበላል። ተራራው ሰማዩን ሲጋርደው ብቻ ምስሉ ደርቆ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም «ኤጭ» ይላል።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ቀስታ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጆሮውን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዞረ። የሰማው ሌላ ነው። አንዲት ሴት መንታ እህቷን መስላ የእህቷ ባል ቤት ገብታለች፤ ሃያ አራት ሰው እስትንፋሱን ውጦ ይከታተላል። ከእትዬ አንድም ውይ የለም። በስፖኪዮው ሲያያት አፏን ከፍታ ወደ ላይ አንጋጣለች። መስኮቱ ከነገደሉ አጠገቧ ተረስቷል።

ሁለተኛ ጊዜ ታወረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ ገና ሳይሳፈር ይሳፈርበታል። ሸሚዙ ጠዋት ደርቆ ይወጣል፣ ማታ ተጣብቆበት ይመለሳል። ገደሉን ሲሸሽ የመንገዱን መሐል ይዞ ይነዳል፤ ከታች የሚመጡት የጭነት መኪኖች ክላክስ እየነፉ ይሰድቡታል። ቤቱ ገበታ ላይ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው አጠገብ አፈሰሰ። ልጁ ጠረጴዛውን ስታብስ «አባዬ፣ ብርጭቆው እዚህ ነው እኮ» አለችው። «ጠረጴዛው ተንጋዷል» አላት። እሷም ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን እግር አየችው፤ አልተንጋደደም። ይህች ልጁ በላይኛው ከተማ አስተማሪ ናት። ሰኞ በእሱ መኪና ትወጣለች፣ ዓርብ በእሱ መኪና ትወርዳለች። ሰኞ አይፈራም። ከሐሙስ ጀምሮ ግን እህል አይወርድለትም።

ቴሌቪዥኑን ለማስነቀል ያልሞከረው የለም። ባትሪ ይጨርሳል አለ፤ አማቹ ሁለተኛ ባትሪ አስገባ። ሰው ያስመልሳል አለ፤ አማቹ ፌስታል አከፋፈለ።

«ጋሼ፣ ንገረኝ እስቲ» አለው በመጨረሻ። «አንተ አታየው። ከጀርባህ ነው። ምንህን ነካህ?»

«ጆሮዬን።»

«ድምፁን እንቀንሰዋለና።»

«ድምፁ አይደለም። ሰው ዝም አለ።»

«ሰው ዝም ሲል ሹፌር ይደሰታል እንጂ ያለቅሳል?» ብሎ ሳቀ አማቹ። ከዚያም ዓርብ እሱ ራሱ ተሳፍሮ እንደሚወርድና ተሳፋሪውን እንደሚጠይቅ ነገረው። አውልቀው ካሉ እዚያው አወልቀዋለሁ አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በተራራው መናኸሪያ መኪናው ሞላ። ልጁ አምስተኛው ረድፍ ላይ የተማሪዎቿን ደብተር ጭኗ ላይ ቆልላ ተቀምጣለች። እትዬ ቦታዋ ላይ ናት። አማቹ ከፊት ቆሞ እጁን አጨበጨበና ነገሩን አስረዳ፤ ይኑር ወይስ ይነሳ?

መጀመሪያ የተናገሩት ጡረተኛው መምህር ናቸው። «ይነሳ። በፊት እዚህ ውስጥ ስንቱን እናወራ ነበር። እኔ ልጄን የዳርኩት እዚህ መኪና ውስጥ ከተዋወቅሁት ሰው ጋር ነው። አሁን አጠገቤ ማን እንደተቀመጠ እንኳ አላውቅም።»

«እኔ ነኝ የተቀመጥኩት» አለ ልብስ ሰፊው ከጎናቸው። «ከወር በፊትም እኔው ነበርኩ። ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ይኑር በሉ እባካችሁ። ገደል ከማይ የሰው ትዳር ሲፈርስ ባይ ይሻለኛል።»

ሳቁ። ጋሽ ቀስታ መሪውን ጨብጦ የሚያዳምጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም መጣ።

«ስምንት ዓመት ያንን ገደል አየሁት» አለች እትዬ። «አንድ ቀን እንኳ አልተለወጠም። ይቺ ልጅ ግን በየቀኑ ጉድ ታመጣለች። ደግሞ ቴሌቪዥኑ ከመጣ ወዲህ ልቤ አይመታም፣ ቅርጫቴን አላቅፍም፣ ቲማቲሜ አይጨፈለቅም። ይኑር።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ሃያ አንድ እጅ ለይኑር ወጣ። ከነዚያ መሐል የልጁ እጅ ነበረች፤ በስፖኪዮው አያት፣ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

ያኔ ሊናገር ይችል ነበር። አፉንም ከፍቷል። አማቹ ግን ቀድሞት «ተፈረደ ጋሼ» አለና ጀርባውን መታ አደረገው፤ ሞተሩ ተነሳ።

ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ከባድ ኩርባዎች አሉ። የመጨረሻው ክርን ይባላል፤ እንደ ታጠፈ ክንድ ነው፣ ከታቹ ያለው ገደል ደግሞ ድንጋይ ብትወረውርበት የወደቀበትን ድምፅ አይመልስልህም። በሁለተኛ ማርሽ ወረደ። የመጀመሪያውን ኩርባ በልቡ ምት ቆጥሮ አለፈው። ሁለተኛውን ከአንድ ቀይ የጭነት መኪና ጀርባ ተለጥፎ አለፈው፤ መኪናው የሄደበትን ሄደ። ክርን ላይ ሲደርስ የጭነት መኪናው ርቆ ሄዷል። የአሥር ሰዓት ተኩል ፀሐይ ደግሞ ፊት ለፊት መጥታ ደህናዋ ዓይኑ ውስጥ ገባች።

አሁን በሁለቱም አያይም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ፍሬን ቢይዝ ከኋላው የሚመጣ መኪና እንዳለ አያውቅም፤ ባይዝ ደግሞ ፊቱ ያለውን አያውቅም። ከጀርባው መንታዋ እህት «እኔ እሷ አይደለሁም» ልትል ነው፤ አራት ወር የተጠበቀች ቃል ናት። ተራራው ሰማዩን ጋረደ፣ ምስሉም ደርቆ ቆመ።

«ኤጭ» አለ መኪናው በሙሉ።

ጋሽ ቀስታ ልቡ ተመለሰ። ምስል ሲጠፋ እትዬ ወደ መስኮቱ ትዞራለች፤ ይህን ያውቃል። ጠበቀ። አንድ ውይ እንኳ አልመጣም። ስለዚህ ጠርዙ ሩቅ ነው ብሎ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ አላላው።

እትዬ ዞራ ነበር። አይታም ነበር። ከመስኮቱ ሥር መንገድ የለም፣ አየር ብቻ ነው፤ ድምፅ ከጉሮሮዋ አልወጣም። ጋሽ ቀስታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ውይ ምን ማለት እንደሆነ አስልቷል። ፍርሃት ከሦስትም ሲያልፍ ሰው ምን እንደሚል ግን አስልቶ አያውቅም። ሰው ያኔ ምንም አይልም።

የጠጠር መንሸራተት ተሰማ። ከዚያ ከአምስተኛው ረድፍ ዝግ ያለች ድምፅ «አባዬ» አለች።

ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ሚዛን ወደ ፊት በቀኝ በኩል ቀስ ብሎ አዘነበለ። የቀኝ ፊት ጎማው ምንም አልረገጠም።

«ማንም እንዳይነሳ» አለ ጋሽ ቀስታ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት። «ከኋላ ያላችሁ ባላችሁበት ተቀመጡ። ከፊት ያላችሁ አንድ በአንድ፣ እየዳኻችሁ ወደ ኋላ።»

በሩ በቀኝ በኩል፣ በገደሉ ላይ ነው የሚከፈተው፤ በእሱ መውጣት የለም። የኋላውን መስኮት ልብስ ሰፊው በጫማው ሰበረው። ከፊት የነበሩት ቀድመው እየዳኹ ወጡ፣ በየተራ፣ አንዱ ሲወጣ መኪናው ይቃሰታል፣ ሁሉም ባለበት ይደርቃል። ምስሉ ድንገት ተመለሰና መንታዋ «እኔ እሷ አይደለሁም» አለች። ልብስ ሰፊው ግማሽ አካሉ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ዞሮ አየ። «ውጣ እንጂ አንተ» ሲሉ ጡረተኛው መምህር በሁለት እጃቸው ገፉት። እትዬ ቅርጫቷን ካልያዝኩ አልወጣም ብላ ተከራከረች፣ ይዛ ወጣች። ልጁ ወደ ኋለኛው ወንበር አልፋ ከዚያ አልነቃነቅ አለች፤ ክብደቴ እዚህ ይሁን፣ አባዬ ይውጣ ብላ። ጋሽ ቀስታ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ በአራት እግሩ በመተላለፊያው ዳኸ። እሷ ሸሚዙን ጨብጣ ጎተተችው። ተያይዘው ወጡ።

የቀዩ የጭነት መኪና ሹፌር ከታች አይቶ ተመለሰ፣ በገመድም አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሳበው። ሰው ሁሉ ከተራራው ሥር ተደርድሮ ተቀምጧል። አማቹ መፍቻ ይዞ ገባና ስክሪኑን መፍታት ጀመረ።

«ልክ ነበርክ ጋሼ» አለ ከውስጥ። «ይሄ ነው ሐሳብህን የበተነው። ነግረኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም።»

«እኔ ድሮም አልወደድኩትም» አለ ልብስ ሰፊው። ጡረተኛው መምህር ዞረው አዩት።

«ይነቀል» አለች እትዬ። «እሱን ሳይ አይደል ገደሉን ዘግይቼ ያየሁት። ከነገ ጀምሮ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቅልም።»

ጋሽ ቀስታ የለመነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰጠው። ቴሌቪዥኑ ይነሳል፣ እትዬ ወደ መስኮቷ ትመለሳለች፣ ጥፋቱም ሹፌሩ ላይ አይደለም። የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው።

ልጁ ከጎኑ በርከክ ብላ የውሃ ጠርሙስ ዘረጋችለት፤ በቀኙ በኩል ነው። እሱ ፊት ለፊት ገደሉን ያያል። «ውሃ» አላለችም። ጠርሙሱን እንደዘረጋች ቆየች፣ ቀረብ አደረገችው፣ ጉንጩን ሊነካ እስኪደርስ። አልዞረም። ከዚያ ተነስታ ዞራ በግራው ቆመች፤ ወዲያው ተቀበላትና ጠጣ። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ ላይ ያለው አሁን ገደሉ ላይ የነበረው ፍርሃት አልነበረም። ያለፉት ዓርቦች ፍርሃት ነው፣ አንድ በአንድ እየመጣባት።

ተነሳ። አማቹ ስክሪኑን ታቅፎ ከመኪናው ወርዷል፣ ሽቦው ከኋላው ይጎተታል። ጋሽ ቀስታ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ስክሪኑ ላይ አስቀመጠለት።

«መልሰህ ስቀለው» አለ። «መነሳት ያለብኝ እኔ ነኝ። ቀኝ ዓይኔ ማየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስታወርዳችሁ የኖረችው እትዬ ናት።»

እትዬ ቅርጫቷን አቀፈች።